ከማስቀመጫው በፊት የነበረው ጉንጉን፦ የአበባ አደራደር ታሪክ ከጣና ዳር ሲታይ

(በባሕር ዳር ከተማ፣ በሐይቁ ዳር በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ በጥቅምት ወር ለአበባ ሻጮች፣ ለአዳራሽ አስጌጮችና ለሌሎች ታዳሚዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

ክቡራን እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ ከዘጌና ከየገጠር ቀበሌው የመጣችሁ እናቶች፦ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

ዛሬ ማለዳ ወደዚህ ስመጣ በሐይቁ ዳር ጥቂት ቆሜ ነበር። አንድ አባት ከታንኳቸው ላይ ደንገል ያራግፋሉ። አገዳውን እንዲሁ አልወረወሩትም፤ ረጅሙን ከረጅም፣ አጭሩን ከአጭር እየለዩ፣ እንደ ጸጉር የተበተነውን ራሱን በአንድ ወገን አድርገው ደረደሩት፤ ከዚያም በራሱ በደንገሉ ልጥ ሦስት ቦታ ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩት። ነዶው ሲቆም ወገቡ የጠበበ፣ ራሱ የሰፋ እቅፍ ሆነ። እኔ ለሙሽሮች የማስረው እቅፍ አበባ ከዚህ የተለየ ቅርጽ የለውም። ከ3000 ዓመት በፊት የግብፅ ሠዓሊዎች በቴብስ መቃብሮች ግድግዳ ላይ የሣሏቸው ረጃጅም የመሥዋዕት እቅፎችም እንደዚሁ በደንገል አገዳ ዙሪያ የታሰሩ ናቸው።

በዚህ ከተማ የሠርግ አዳራሽ ማስጌጥ ከጀመርኩበት ጊዜ አንሥቶ ደጋግሜ የምሰማው አንድ አባባል አለ፤ «አበባ መደርደር የእኛ ባህል አይደለም፣ ከውጭ የመጣ ነገር ነው» ይባላል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አምኜ ነበር። ይህን ያሳመነኝ የአበባ አደራደር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የአበባ ማስቀመጫ ታሪክ ሆኖ መነገሩ ይመስለኛል። አበባውን የሚይዝ ሸክላ ወይም ብርጭቆ በሌለበት ቤት አደራደርም የለም ተብሎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ በብዙ ዘመንና በብዙ አገር አበባ በዋናነት የተጎነጎነ፣ የተሰፋ፣ የታሰረ፣ መሬት ላይ የተጎዘጎዘ ነገር ነበር፤ ማስቀመጫው ዋናውን ስፍራ የያዘው ቆይቶ ነው። ይህን ካየን በኋላ ወደ ገዛ ቤታችን ስንመለስ የምናገኘው ነገር ሌላ መልክ ይኖረዋል።

ከግብፅ የምጀምረው ልማድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ ከጣና ወጥቶ የሚሄደው አባይ በየክረምቱ የደጋውን ደለል ተሸክሞ የግብፅን ማሳ ሲያለመልም የኖረ ውኃ ነው። የግብፅ አበባ ደርዳሪዎችም ከሁሉ አስቀድመው የተጠቀሙት በሁለት የውኃ ተክሎች ነው፤ በደንገልና በሎተስ። ደንገል የታችኛው ግብፅ፣ ሎተስ የላይኛው ግብፅ ምልክት ስለነበሩ ሁለቱ ተቋጥረው ሲሣሉ የአገሪቱን አንድነት ያመለክቱ ነበር። ሰማያዊው ሎተስ ማለዳ ይከፈታል፣ ቀኑ ሲገፋ ይከደናል፣ በማግሥቱ ደግሞ ይከፈታል፤ ስለዚህም ከፀሐይ መውጣትና ከሞት በኋላ ከሚጠበቀው ሕይወት ጋር ተያያዘ። በግብዣ ሥዕሎቻቸው ላይ እንግዶቹ የሎተሱን አበባ ከግንባራቸው በላይ አስረው፣ ሌላውን በእጃቸው ይዘው ሲያሸቱ ይታያሉ። በጥንታዊው የግብፅ ቋንቋ እቅፍ አበባ «ዐንኽ» ይባል ነበር፤ ይኸው ቃል ሕይወት ማለትም ነው። እንግዲህ ለአምላክም ሆነ ለሟች እቅፍ የሚያቀርብ ሰው በሰሙ አበባ፣ በወርቁ ሕይወት ያቀርብ ነበር። ቅኔ ለለመደ ጆሮ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሃዋርድ ካርተር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1922 የጥንታዊቷን ግብፅ ንጉሥ የቱታንክሃሙንን መቃብር ሲያገኝ ዓለም ያወራው ስለ ወርቁ ነው። የእኛን ሥራ የሚሠራ ሰው ግን ከወርቁ ይልቅ ልቡን የሚነካው በውጭኛው የሬሳ ሣጥን ግንባር ላይ የተገኘው ትንሽ ጉንጉን ነው። በወይራ ቅጠል፣ በሰማያዊ ሎተስና በስንዴ ማሳ ውስጥ በሚበቅል አንድ ሰማያዊ የዱር አበባ የተሠራ ሲሆን፣ ከ3000 ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ የቀለሙን ርዝራዥ እንደያዘ ነበር። ካርተር ይህ ጉንጉን ባሏ የሞተባት ወጣቷ ንግሥት የመጨረሻ ስንብት እንደሆነ አስቦ ጽፎለታል። በውስጠኛው ሣጥን ላይ ደግሞ ሰፊ የአንገት ጌጥ ነበር፤ ቅጠሉ፣ አበባው፣ ፍሬውና ሰማያዊው ዶቃ በረድፍ በረድፍ ሆነው በደንገል ወረቀት ላይ ተሰፍተዋል። ተሰፍተዋል የምለው በትክክለኛ ትርጉሙ ነው። ቅጠሉ በቀጭን ልጥ ላይ ይታጠፋል፣ በክር ይወጋል፣ ከጎኑ ሌላው ይከተላል። እናቶቻችን አክርማውን በስንደዶው ላይ እየጠመጠሙ መሶብና ሰፌድ ሲሰፉ የሚያደርጉትን የሚያውቅ ሰው ያን የንጉሥ ጌጥ ቢያይ እጁ የሚያውቀው ሥራ ነው። የዕፅዋት አጥኚዎችም በጉንጉኖቹ ውስጥ የነበሩት አበቦችና ፍሬዎች በየትኛው ወቅት እንደሚደርሱ አስልተው ንጉሡ የተቀበረው በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ገደማ እንደሆነ ገምተዋል። በድንጋይ ላይ ያልተጻፈውን ወር የነገሩን አበቦቹ ናቸው።

አንድ ሌላ ጉንጉን አለ፤ ስለ እርሱ ያነበብኩ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፔትሪ በግብፅ ፋዩም አካባቢ፣ ሐዋራ በተባለ ስፍራ፣ የሮማውያን ዘመን መቃብሮችን ሲቆፍር የደረቁ የጽጌረዳ ጉንጉኖች አገኘ። ቤልጄማዊው የጽጌረዳ ሊቅ ፍራንሷ ክሬፓን ሲመረምራቸው አበባዋ ከአንዲት ቀድሞ ከምትታወቅ ጽጌረዳ ጋር አንድ ሆና አገኛት። ያችን ጽጌረዳ ቀደም ሲል የሰየማት ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ሲሆን፣ ናሙናው የመጣለት ከአገራችን፣ በትግራይ ከሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት አጸድ ነው፤ ስለዚህም በላቲን «ቅድስት ጽጌረዳ» አላት። በዱር የምትበቅለው ተወላጇ ቀጋችን ሌላ ናት፤ ይህችኛዋ በሰው እጅ ተተክላ፣ በሰው እጅ ተጠብቃ የኖረች ናት። ከአባይ ግርጌ በሙታን ደረት ላይ የተኛችው ጽጌረዳ በአባይ ራስጌ በሆነችው አገር በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በሕይወት ስታብብ ኖራለች ማለት ነው። የአበባ አደራደር ታሪክ ከእኛ ጋር ግንኙነት የለውም ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም።

በግሪክና በሮም ብዙ አልቆይም። ግሪኮች አበባና ቅጠልን ከሁሉ ይልቅ ያከበሩት በራስ ላይ ነው፤ በኦሎምፒያ አሸናፊው የወይራ፣ በዴልፊ ደግሞ የሎረል ቅጠል አክሊል ይደፋ ነበር። ሮማውያን ጽጌረዳን ያለ ልክ ወደዱ፤ በክረምት ጽጌረዳ ሲያምራቸው ከግብፅ በመርከብ ያስመጡ ነበር። በኋላ ግን በራሳቸው አትክልት ቤት በክረምት ማስፈካት ቻሉ፤ በዚህ ጊዜ ማርቲያሊስ የተባለው ባለቅኔያቸው ወደ ናይል ዞሮ አንተ እህልህን ላክልን፣ ጽጌረዳውን እንኳ እኛ እንሰጥሃለን የሚል ሐሳብ ያለው ግጥም ጻፈ። ግጥሙ ንጉሠ ነገሥቱን ዶሚሺያንን ለማወደስ የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን አበባና እህል በአንድ ወንዝ ላይ መወዳደር የጀመሩት ዛሬ አለመሆኑን ያሳያል፤ በአገራችን የአበባ እርሻ ሲነሣ የሚነሣው ክርክርም ይኸው ነው። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በወለል ላይ የተሠራው፣ ዛሬ በቫቲካን የሚገኘው የአበባ ቅርጫት ሞዛይክም ከዘመኑ የቀሩልን ውብ ምስክር ነው። ማስቀመጫው እዚያም ሸክላ አይደለም፤ በእጅ የተሠራ ቅርጫት ነው።

የጥንት ክርስቲያኖች የአበባ አክሊልን በጥርጣሬ ያዩት ነበር፤ ምክንያቱም ለጣዖታት የሚደረግ ነገር ነበር። በሰሜን አፍሪካ በካርቴጅ ይኖር የነበረው የክርስትና ጸሐፊ ተርቱሊያን እ.ኤ.አ. በ211 ገደማ የሎረል አክሊል አልደፋም ስላለ አንድ ክርስቲያን ወታደር ሲጽፍ ያቀረበው ክርክር ለሙያችን ሰው እጅግ ያስገርማል። አበባ የተፈጠረው ለዓይንና ለአፍንጫ ነው፤ ራስ ላይ ሲደፋ ግን ባለቤቱ አያየውም፣ አያሸተውም፤ ስለዚህ አበባን በራስ መሻት ምግብን በጆሮ እንደ መሻት ነው ይላል። ከሃይማኖቱ ክርክር ባሻገር ይህ ስለ አቀማመጥ የቀረበ ጥያቄ ነው፤ አበባውን የሚቀበለው የትኛው የሰው አካል ነው? እኔ አዳራሽ ከማስጌጤ በፊት እስካሁን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። በእኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን አበባን ከራስ ላይ አውርዳ ወደ ዜማ አስገብታዋለች ብል ደፋር አልባልም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አሁን ያለንበት ዘመነ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ፣ ካህናቱ ሌሊቱን ሙሉ እመቤታችንን በአበባ፣ ልጇን በፍሬ እየመሰሉ የሚቆሙበት ጊዜ ነው።

በሩቅ ምሥራቅ ነገሩ ሌላ መንገድ ይዞ ሄደ፤ ማስቀመጫው በእውነት የከበረውም እዚያ ነው። መነሻው በቡድሃ ምስል ፊት የሚቀርብ አበባ ሲሆን፣ ልማዱ ከሕንድ ተነሥቶ በቻይና በኩል ጃፓን ገባ። በቻይና በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን አበባ መደርደር፣ ዕጣን ማጤስ፣ ሻይ ማፍላትና ሥዕል መስቀል የተማረ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ አራት ጥበቦች ተብለው ይቆጠሩ ነበር። ዕጣኑና የሚፈላው ነገር ከሣሩ ጋር በአንድ ረከቦት ዙሪያ የሚገናኙበትን አገር እዚህ ላላችሁ መንገር የለብኝም።

የጃፓኑን ታሪክ ግን ቀስ ብዬ ልናገር። በኪዮቶ ከተማ ሮካኩዶ የተባለ ቤተ መቅደስ አለ። ካህናቱ የሚኖሩት በኩሬ ዳር ስለነበር ማደሪያቸው ኢኬኖቦ ተባለ፤ በኩሬው ዳር ያለ ማደሪያ ማለት ነው። ዛሬም ድረስ በጃፓን ከሁሉ የሚቀድመው የአበባ አደራደር ትምህርት ቤት የሚጠራው በዚህ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1462 ሴንኬ የተባለ የዚያ ቤት ካህን አበባ ሲደረድር የከተማው ሰዎች ሊያዩት ይሽቀዳደሙ እንደነበር በዘመኑ ተመዝግቧል። በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሴንኖ የተባለው ተከታዩ ትምህርቱን በጽሑፍ ሲያስተላልፍ፣ የሚያምር አበባ ማስቀመጥ ብቻውን ይህ ጥበብ እንዳልሆነ፣ የደረቀ ቅርንጫፍና ተራ የሜዳ ተክልም በውስጡ ስፍራ እንዳላቸው አስተማረ። ከዚህ ያደገው ሪካ የተባለው ታላቅ አደራደር በአንድ ማስቀመጫ ውስጥ ተራራውን፣ ፏፏቴውንና ሸለቆውን ሁሉ በቅርንጫፍ ይሠራል። የጥድ ቅርንጫፍ ተራራ ይሆናል፤ ወደ ጎን የወጣ ቀንበጥ ወንዝ ይሆናል። ጢስ ዓባይን አይቶ የተመለሰ ሰው ይህን ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም።

ከዚያ የሻይ ሥርዓት ሊቁ ሴን ኖ ሪክዩ መጣ፤ የኖረው እ.ኤ.አ. ከ1522 እስከ 1591 ነው። ስለ እርሱ የሚተረከውን አንድ ታሪክ ለተማሪዎቼ ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ኃያሉ ገዥ ሂዴዮሺ በሪክዩ ግቢ ማለዳ የሚፈካ የሐረግ አበባ በብዛት እንዳለ ሰምቶ ሊያይ መጣ። ሲደርስ በግቢው አንድም አበባ አልነበረም፤ ሁሉም ተቆርጧል። ተቆጥቶ ወደ ትንሿ የሻይ ክፍል ጎንበስ ብሎ ሲገባ በጨለም ባለው ስፍራ አንዲት አበባ ብቻ ተቀምጣ አገኘ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሠርግ ባለቤቶች «አዳራሹ በአበባ ይሞላ» ይሉኛል፤ ፍላጎታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን በሙሽሮቹ ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ አንዲት ነገር ብቻዋን እንድትታይ ሁልጊዜ እለምናቸዋለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኦሃራ ኡንሺን ዝርግ ሳሕንና መርፌ የተተከለበትን ከባድ የብረት መያዣ ይዞ አደራደሩን አስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1927 ደግሞ ቴሺጋሃራ ሶፉ ሶጌትሱ የተባለውን ትምህርት ቤት መሥርቶ ማንኛውም ሰው፣ በማንኛውም ስፍራ፣ በማንኛውም ነገር መደርደር ይችላል ብሎ በሩን ከፈተው።

የአውሮፓን ታሪክ ስናነሣ ቱሊፕን አለማንሣት አይቻልም። ኦቶማኖች አብዝተው የሚወዱት ይህ አበባ ወደ ኔዘርላንድስ ገብቶ እ.ኤ.አ. ከ1593 ጀምሮ የዕፅዋት ሊቁ ካሮሉስ ክሉሲየስ በላይደን ዩኒቨርሲቲ አትክልት ስፍራ አለማው፤ በፌብሩዋሪ 1637 ደግሞ የሥሩ ዋጋ ከልክ በላይ ንሮ በድንገት ወደቀ። በቀይና በነጭ ነበልባል የተጌጡት ውድ ቱሊፖች ያን መልክ ያገኙት ከቫይረስ በሽታ መሆኑ የታወቀው ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የእኔ ትኩረት ግን በሥዕሎቹ ላይ ነው። ራሄል ራውሽን የመሰሉ ሠዓሊዎች የሣሏቸው ትልልቅ የአበባ ማስቀመጫዎች በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ በኅትመት ተሰቅለው ታያላችሁ፤ ደንበኞቻችንም ሥዕሉን በስልክ እያሳዩ «እንዲህ አድርጉልን» ይላሉ። በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ በጸደይ የሚያብበውና በበጋ የሚያብበው በአንድ ማስቀመጫ ውስጥ አብረው ይታያሉ። ሠዓሊዎቹ እያንዳንዱን በየወቅቱ እየሣሉ አቆይተው በሸራ ላይ ያገናኟቸው ናቸው። እንዲህ ያለ እቅፍ በዘመኑ በማንም ጠረጴዛ ላይ ቆሞ አያውቅም።

ዛሬ ግን ያ ምኞት በአውሮፕላን ተፈጽሟል። በዓመቱ ውስጥ በየትኛውም ቀን ማንኛውም አበባ ይገኛል፤ በዚህ ውስጥ የአገራችን ድርሻ ትንሽ አይደለም። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት፤ ብዙው ጽጌረዳችን በቀዝቃዛ ክፍል ቆይቶ በሌሊት ይበርና ወደ ኔዘርላንድስ ይሄዳል። በዚያ በአልስሜር በሚካሄደው ታዋቂ ጨረታ ዋጋው ከላይ ይጀምርና እየወረደ ይሄዳል፤ ቀድሞ ያስቆመው ነጋዴ ይገዛዋል። አበባው የሚገመተው በአገዳው ርዝመት፣ በራሱ ትልቀትና በእምቡጡ አከፋፈት ነው። ሽታ ከዚህ መለኪያ ውስጥ ዋና ነገር አይደለም፤ ለጉዞ እንዲበረታ የተዳቀለው ጽጌረዳ ብዙ ጊዜ መዓዛው አንሷል። አንዲት የሙሽራ እናት በአዳራሽ ውስጥ ያስቀመጥኩትን ትልቅ የጽጌረዳ ድርድር ጠጋ ብለው ካሸተቱት በኋላ «ልጄ፣ ይህ አይሸትም፤ እባክሽ ትንሽ ቄጤማ አስመጪ» አሉኝ። አንድ እቅፍ ቄጤማና አሪቲ ተገዝቶ መግቢያው ላይ ሲጎዘጎዝ አዳራሹ በአንድ ጊዜ የሠርግ ቤት ሆነ። የዛሬው ንግግሬ የተጸነሰው በዚያ ቀን ነው።

ከአውሮፓ ሳልወጣ ስለ አንዲት ሴት ልናገር። ኮንስታንስ ስፕራይ ትባላለች፤ የኖረችው እ.ኤ.አ. ከ1886 እስከ 1960 ነው። በምሥራቅ ለንደን በፋብሪካ ለሚሠሩ ወጣት ሴቶች በተከፈተ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ነበረች፤ የአበባ ሱቋን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። የጎመን ቅጠል፣ በአጥር ሥር የሚበቅል አረም፣ የደረቀ ሣር፣ ፍሬ ያንጠለጠለ ቅርንጫፍ እያመጣች በባለጸጎች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መድፊያም አበባ አሰናዳች። አበባውን የምታቆመው የዶሮ ቤት ሽቦ አጨማድዳ በማስቀመጫው ውስጥ በመክተት ነበር። እርሷ ገና በሥራ ላይ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው አበባ የሚሰካበት አረንጓዴ ስፖንጅ ወደ ገበያ ገባ። አሜሪካዊው ቨርኖን ስሚዘርስ የፈጠረው ይህ ስፖንጅ ሥራችንን እጅግ አቅልሎልናል፤ ነገር ግን ፕላስቲክ ነው፤ ሲፈረፈር ደቃቁ ብናኝ ከውኃ ጋር ይሄዳል፣ አይበሰብስም። የብሪታንያ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በዐውደ ርእዮቹ ላይ እንዳይገባ ከልክሎታል። እኛ ከሠርግ በኋላ የምናጥብበት ውኃ የሚፈስሰው ወዴት እንደሆነ ለባሕር ዳር ሰው መንገር አይገባም። እኔ ከሦስት ዓመት ወዲህ ደንገሉን በአጭር በአጭሩ ቆርጬ፣ ጥብቅ አድርጌ አስሬ፣ በገበቴ ውስጥ በማቆም አበባውን በአገዳዎቹ መካከል እሰካለሁ። ይይዛል፤ ውኃውም ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ ሲያልቅ ማዳበሪያ ይሆናል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ያደግሁት በጎጃም ገጠር ነው። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጃገረዶች ተጠራርተን ወደ መስክ እንወርድና እየዘፈንን እንግጫ እንነቅል ነበር። ማታ አያቴ እሳት ዳር ተቀምጣ፣ እንግጫውን በሦስት ከፍላ፣ በመካከሉ አደይ አበባ እያስገባች እንዴት እንደሚጎነጎን ታሳየኝ ነበር። አደዩ አንገቱ ለስላሳ ስለሆነ ጠበቅ ካደረግሽው ይሰበራል፣ ካላላሽው ይወልቃል፤ የጣት ልክ የሚባለው እርሱ ነው። ንጋት ላይ አንዱን ጉንጉን በቤቱ ምሰሶ ላይ ታስረዋለች። በቱታንክሃሙን ግንባር ላይ ከተገኘው ጉንጉን ጋር በሥራ ስልቱ የሚዛመደው ይህ ነው እንጂ እኔ በስፖንጅ ላይ እሰካው የነበረው አይደለም። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ ሲከበር ልጃገረዶች በወገባቸው የሚያስሩት ረጅም ለምለም ቅጠልም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በሆሳዕና ዘንባባው ተሰንጥቆ ቀለበትና መስቀል ሆኖ ይታጠፋል፤ በጣትና በራስ ላይም ይታሰራል። በመስቀል ደመራው ጫፍ ላይ አደይ ይታሰራል፤ ከፍ ያለ፣ ከየአቅጣጫው የሚታይ፣ ከእሳቱ ጋር የሚያልፍ አደራደር ነው።

ከሁሉ ግን ጥልቅ ሆኖ የማየው ጉዝጓዙን ነው። ቄጤማና ደንገል በዕፅዋት ሳይንስ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ቄጤማው ከውኃ ዳር ታጭዶ ይመጣል፤ በወለሉ ላይ ሲበተን አሪቲና ጠጅ ሣር ይጨመርበታል፤ ከዚያ ሰው ይረግጠዋል። ሲረገጥ መዓዛው ይወጣል። በማስቀመጫ ያለ አበባ እንዳይነካ ይጠበቃል፤ ይህኛው ግን ካልተረገጠ አልተፈጸመም። እንግዳው በእግሩ ገብቶ ሥራውን የሚያጠናቅቅበት ሌላ የአደራደር ዓይነት በሌላው ዓለም ብፈልግ አላገኘሁም። ለተርቱሊያን ጥያቄ፣ አበባን የሚቀበለው የትኛው የሰው አካል ነው ለሚለው፣ የእኛ ቤት የሰጠው መልስ ይህ ነው።

የጣናን ገዳማት የጎበኘ ሰው ደግሞ በብራና መጻሕፍቱ ራስጌ ላይ የሚጠላለፈውን ጌጥ አይቷል። ስሙ ሐረግ ነው። ስሙ እንደሚነግረን ጸሐፊዎቹ ያን ጌጥ ያዩት እንደ ተክል፣ እንደሚጠማዘዝና እንደሚያያዝ ቀንበጥ ነው፤ በገጹ ራስ ላይ ተደርድሮ ቃሉን የሚያስገባ በር ነው። ወንዶች ልጆች በእንቁጣጣሽ ማለዳ በወረቀት የሚሥሉት አበባም ለእኔ የዚያው የሩቅ ዘመድ ነው።

በመጨረሻ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝን ልመልስ። እምቦጭ ያብባል፤ አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በዓለም የተሰራጨውም በዋናነት በውበቱ ተወድዶ ለአትክልት ስፍራ ኩሬ በመወሰዱ ነው። በጣና ላይ እንደተስፋፋ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን ያደረሰውን እዚህ ያለን ሁሉ በዓይናችን አይተነዋል። በአደራደር ውስጥ እንጠቀምበት ወይ ለሚለው መልሴ አይሆንም ነው። ሥሩም ሆነ ቁራጩ ወደ ሌላ ውኃ ከደረሰ ይራባል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። ማጓጓዝ የለብንም። በሐይቁ ዳር ባለው ደንገልና በሰማያዊው የውኃ አበባም ላይ እጃችንን ስናሳርፍ በልክ ይሁን፤ ደንገል በጥንታዊቷ ግብፅ ረግረጉን ሁሉ የሞላ ተክል ነበር፣ ዛሬ በዚያ በዱር የሚገኘው እጅግ በጥቂቱ ነው።

ንግግሬን ለማቆም ፈቃዳችሁ ከሆነ ወደዚህ ጠረጴዛ ቅረቡ። እዚህ ላይ ማለዳ ከታንኳው የገዛሁት ደንገል አለ፤ በዚህኛው እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ከጎጃም ደጋ የመጣ ዘግይቶ ያበበ አደይ አለ፤ በቅርጫቱ ውስጥ እንግጫ አለ። እኔ አያቴ ያሳየችኝን የመጀመሪያውን ዙር አስታውሳለሁ፤ ጫፉ ተመልሶ ከመነሻው ጋር የሚያያዝበትን መንገድ ግን ረስቼዋለሁ። በፊተኛው ረድፍ የተቀመጣችሁ እናቶች፣ እባካችሁ መጥታችሁ አያያዙን ለወጣቶቹ አሳዩልን።